የመርከብ ሆድና የቡራዩ ግድግዳ

አባቴን መጠርጠር የጀመርኩት እሱ ሰው መጠርጠር ያቆመ ዕለት ነው።

እስከዚያ ድረስ በቤታችን ውስጥ የመጠርጠር ሥራ የሱ ነበር። ሥጋ ቤት ሲሄድ ሥጋውን አገላብጦ ካላየ አይገዛም። ደላላ ሲስቅለት ይበልጥ ይኮሳተራል። ሰበታ ያከራየችን ሴትዮ ለበዓል ግድግዳውን አዲስ ቀለም ያስቀባች ጊዜ እኛ ስናመሰግናት እሱ "ምኑን ልትሸፍን ነው?" እያለ ቀለሙ እስኪደርቅ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። እኔም የሱ ልጅ ነኝ። እዚያው ሰበታ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ የተሰፋውን ልብስ ገልብጦ ስፌቱን ከውስጥ ማየት ነው። ባለቤቴ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር ነው። እጁን ዘርግቶ ሰላም ያለውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው፤ ከኔ ጋር እንዴት እንደተገጣጠምን ለራሴም አይገባኝም። "እናንተ አባትና ልጅ ገነት ብትገቡ መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የምታንኳኩት" ይለናል።

ማንኳኳቱ ቀልድ አይደለም። አባቴ እውነትም ግድግዳ ያንኳኳል። እንዴት እንደጀመረው ለመናገር ግን ወደ ባሕር መውረድ አለብኝ።

አባቴ የደጋ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ምፅዋ ወርዶ እዚያው ሰው ሆነ፤ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። ሥራው የሳምቡክ ሆድ መፋቅ ነበር። ሳምቡክ በሸራ የምትሄድ የእንጨት መርከብ ናት። በኔ ልጅነት ብዙዎቹ ሞተር ገጥመው ነበር፤ ሸራቸውን ብቻ ይዘው የሚመጡም ግን አልጠፉም፣ አባቴም የሚወደው እነሱን ነበር። ከውሃው በላይ ያለው ጎናቸው በዘይት ታሽቶ ያብረቀርቃል። ከውሃው በታች ያለውን ግን ማንም አያየውም። እዚያ የባሕር ሣርና ድንጋይ የመሰለ ዛጎል ይለጠፍበታል፤ መርከቧ ትከብዳለች፣ ነፋስ እያለ እንኳ እግሯ ይታሰራል። የባሰው ግን ትሉ ነው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል በር ይገባል፣ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል፣ ሳንቃውን ከውስጥ ይበላዋል። ላዩ እንዳለ ነው። በዓይን ሲያዩት ጤነኛ፣ በእጅ ሲዳስሱትም ጤነኛ ነው። አንድ ቀን ባሕር መሃል ላይ ይከፈታል።

ስለዚህ በየጊዜው ወደ ዳር ያወጧታል። ባሕሩ ሲሞላ ጎትተው ያስጠጓታል፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ በጎኗ ትጋደማለች። ጊዜው ውሃው እስኪመለስ ድረስ ብቻ ስለሆነ ማንም ወሬ አያበዛም። እናቴ ምሳ ይዛ ስትሄድ እኔም እከተላታለሁ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን እናያቸዋለን። መጀመሪያ በብረት መፋቂያ ዛጎሉን ያነሱታል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ የዛጎሉ ስባሪ እጅ ይቆርጣል፤ የአባቴ መዳፍ እስከ ዛሬ በጠባሳ የተሞላ ነው። ቀጥሎ ደረቅ የዘንባባ ቅጠል ከሆዷ ሥር አንጥፈው እሳት ይለቁበታል። እሳቱ የተረፈውን ሣር ያቃጥላል፣ አሮጌውን ቅባት ያቀልጣል፣ ላይ ላዩን ያለውን ትል ይገድላል። እሳቱን የሚይዘው ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ትንሽ ከተዘናጋ መርከቧ ራሷ ትያያዛለች። ከዚያ በኋላ ነው አባቴ የእንጨት መዶሻውን ይዞ ሳንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንኳኳው። መጨረሻ ላይ ከሞራ ጋር የተፈላ ኖራ ይለቀልቋትና ሆዷ ነጭ ይሆናል። ባሕሩ እንደገና ሞልቶ ሲሸሽ ደግሞ በሌላው ጎኗ ያስተኟታል።

አባቴ ሲያንኳኳ ባሕረተኞቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል። ናኾዳው፣ ማለትም የመርከቧ አዛዥ፣ አጠገቡ ይቆማል። ይሁንና የተበላ ሳንቃ ያገኘ ሰው ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። "ተበልታለች" የሚል ቃል ከተሰማ ባሕረተኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ሌላ መርከብ ፍለጋ ይሄዳል፤ ስሟ የጠፋ መርከብ ደግሞ ጭነት የሚሰጣት የለም። ስለዚህ አንኳኪው ከእሳቱ የተረፈ ከሰል ያነሳና እንደ ዋዛ ጎንበስ ብሎ ምልክት ያደርጋል። ለላላው ጭረት ነው፣ ለበሰበሰው መስቀል። ናኾዳው ሰው ፊት "እንዴት ናት?" ብሎ ሲጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ናት" ነው። ሰዉ ለምሳ ሲበተን ናኾዳውና አናጢው ብቻቸውን ተመልሰው ከሰሉን ያያሉ። እኔ ይህን ሁሉ በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ አይቼም ረስቼው ነበር።

ከምፅዋ ስንወጣ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከዚያ ያወጣው ነገር ቢኖር መዶሻውን ነው። አዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ውስጥ አደግኩ፣ እናቴም እዚያው አረፈች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እኔና ባለቤቴ አባቴን ይዘን ሰበታ ተከራየን። መዶሻው ከሣጥን የወጣው ያኔ ነው። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ሆነ ሱሉልታ አቅማችን የሚፈቅደው ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ላዩ ላይ የሲሚንቶ ልስን። ልስኑ ቀለም ሲቀባ ከብሎኬት ቤት አይለይም። ምስጥ ግን ከመሬት ተነስቶ ቋሚውን ከውስጥ ይበላዋል። አባቴ የመጀመሪያውን ግድግዳ ያንኳኳ ቀን "ይሄም ሳምቡክ ነው፣ ባሕር የለውም እንጂ" አለ።

ነገሩ የመጣው አከራያችን ልጇን ልትድር ስለሆነ ቤቱን ልቀቁልኝ ያለች ጊዜ ነው። ኪራይ መሮን ስለነበር እንግዛ አልን። የሁለታችን የዕድሜ ልክ ቁጠባ አንድ የጭቃ ቤት ይገዛል፤ ከተሳሳትን ሁለተኛ የለም። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። መጀመሪያ ያየነው ሱሉልታ ነበር። ግቢው ነፋሻ ነው፣ ባለቤቴ ገና ከበሩ አልጋውን የት እንደሚያስቀምጥ እያሰበ ነው። አባቴ አንኳኳ፣ ለደላላው "ደህና ነው" አለው፣ ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ከመስኮቱ በታች ያለው ቋሚ ዱቄት ሆኗል" አለኝ። ተውነው። የኛ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ ሻጭ ፊት ደህና ነው ይባላል፣ እውነቱ ታክሲ ውስጥ ይነገራል።

የቡራዩውን ቤት ያገኘልን ደላላ ሳይሆን የባለቤቴ ባልደረባ ነው። ይሄ ራሱ አሳሰበኝ። ያለ ደላላ የሚሸጥ ቤት ምን ቢሆን ነው? ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሱሉልታ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ስለሆነ ነው የሚሸጡት። በር ላይ ቆመው "አካም ጅርቱ፣ ኑ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው" አሉን። ገና ሳንገዛው ቤታችሁ ነው ማለታቸውም አልተመቸኝም። አባቴ "ፈያዳ" ብሎ መለሰላቸው። ኦሮምኛው ሰላምታ ላይ ያልቃል፣ ሰላምታውን ግን ጥንቅቅ አድርጎ ነው የሚያውቀው።

ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ለኔ እንደውም ከልክ በላይ ንጹሕ። ቁም ሣጥኑ ጓዳው ውስጥ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን እዚያ? ሰውየው ደግሞ ያለ ማቋረጥ ይስቃሉ። ስለ ጎረቤት ሲጠየቁ ይስቃሉ፣ ስለ ውሃ ሲጠየቁም ይስቃሉ። ወረቀቱን ባለቤቴ በየቢሮው ዞሮ ሊያጣራ ተስማምተን ስለነበር የኔ ጭንቀት ግድግዳው ብቻ ነበር።

አባቴ መዶሻውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጀመረ። ያን ያህል ሲቆይ አይቼው አላውቅም። አንዱን ቦታ መትቶ ያልፍና ተመልሶ እንደገና ይመታዋል። ግራ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ጓዳ ስንገባ ባለቤቴ ቁም ሣጥኑን ሳብ አደረገለት፤ አባቴ ከኋላው ገባና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ትንሽ ሄደና አሁንም የጫማውን ክር። ደክሞታል ብዬ አዘንኩለት። ሲጨርስ ሽማግሌው "እሺ ኦቦ፣ ቤቱ እንዴት ነው?" አሉት።

"ደህና ነው" አለ አባቴ።

ሽማግሌው እጁን አስታጠቡት። ጣቶቹ ጠቁረው ስለነበር ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ እኔም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለ አቧራ ነው አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እርጎ ጠጣ፣ ከሰውየውም ጋር ሳቀ። አባቴ ከሻጭ ጋር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዬ እስኪጠጋ ጠበቅሁ። አየር ጤና ወርደን የሰበታውን ታክሲ ያዝን፣ እሱ ግን በመስኮት ያያል። ልጠይቀው ብዬ አፌን ከፈትኩና አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ሰሞኑን ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ነው የሚከፍተው። ዳቦ አለቀ ስለው ዛሬማ ማክሰኞ ነው ብሎ የመለሰልኝ ጊዜ አለ። ዝም ያለው የሚናገረው ስለሌለ ቢሆንስ? ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆየው ምንም ስላልሰማ ቢሆንስ? ያንን መጠየቅ ፈራሁ። ሳልጠይቀው ቤት ደረስን።

ከዚያ በኋላ የገዛ አባቴን እንደ ሌባ ተከታተልኩት። ማንኪያ ከኋላው በስተቀኝ ጣልኩ፣ አልዞረም። ቤት ውስጥ የሚቀመጥባት ወንበር በግራ በኩል ከግድግዳው ጋር የተጠጋች ናት፤ በቀኙ በኩል ሳልፍ በቀስታ "አባባ" አልኩት፣ ቀና ሳይል ጋዜጣውን ገለጠ። ሌላ ቀን በዚያው በኩል ቆሜ "ቡናው ተደፋ" አልኩ። ዝም። እያንዳንዱ ሙከራ ሲሳካልኝ ደስ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር፣ ወዲያው ደግሞ አለቅሳለሁ።

እሁድ ምሳ ላይ ባለቤቴ "ሰውየው ሌላ ገዢ መጥቶብኛል አሉ፤ መቼ እንዋዋል?" አለ። ወደ አባቴም ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አንቱስ ምን ይላሉ አባባ?" አለው። አባቴ አፉን ሳይከፍት እኔ ገባሁበት። ከጎኑ ነበርኩ፤ ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"እሱን ምን ትጠይቀዋለህ? ጆሮው አልቋል። ምንም አይሰማም። እሱም ያውቀዋል፣ ላለመናገር ነው። በደነቆረ ሽማግሌ ቃል ቤት አልገዛም።"

ባለቤቴ ደንግጦ ወደ አባቴ አየ። አባቴ እንጀራውን ቆርሶ በሽሮው አጠቀሰና ጎረሰ።

"አየህ?" አልኩት ባለቤቴን።

ቤቱን ግን ገዛነው። አከራያችን በየቀኑ በር ላይ ትቆማለች፣ ወረቀቱ ተጣርቶ ንጹሕ ሆነ፣ ሌላ ገዢ አለ ተባለ። ሌላ ገዢ መኖሩን እስከ ዛሬ አላምንም። ከመፈረማችን በፊት ካቻቢቴ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ለብቻዬ ሄድኩ፤ ሽማግሌው ውሃ ሊያመጡልኝ ሲወጡ ሳሎኑን እዚህም እዚያም ወጋሁት። ጠንካራ ነው። ጓዳ ለመግባት ሰበብ አላገኘሁም። ስንዋዋል ውሉን ደጋግሜ ሳነብ ሽማግሌው አይተው "አይዞሽ ልጄ" አሉኝና ሳቁ። ሳቃቸው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ቁልፉን ከተረከብን በኋላ ላጸዳ ብቻዬን ሄድኩ። ዕቃቸው ወጥቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ጓዳ ገብቼ መጥረጊያ ሳነሳ አየሁት። ቁም ሣጥኑ በነበረበት ቦታ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጭረት አለ። ከሱ ቀጥሎ መስቀል። እልፍ ብሎ ሌላ ጭረት፣ ጥግ ላይ ሌላ መስቀል።

ክው አልኩ። ለገጣፎ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግድግዳ ላይ የተቀባውን የማፍረሻ ምልክት በዓይኔ አይቻለሁ። የነሱ ቀይ ነበር፣ በመንገድ በኩል ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ቤቱ የለም። ይሄ ጥቁር ነው፣ በውስጥ በኩል ነው። ማን ያውቃል? እዚህ እንዲህ ይሆናል ምልክታቸው አልኩ። የሽማግሌው ሳቅ አሁን ገባኝ፤ ያውቁ ነበር። ቁም ሣጥኑን እዚያ ያቆሙት ይህንን ለመሸፈን ነው። ያ የባለቤቴ ባልደረባም ያውቃል። ወረቀቱን አጣርተው ንጹሕ ነው ያሉትም ያውቃሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የዕድሜ ልክ ቁጠባችን እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰርዞ ታየኝ።

ከዚያ ተነሳሁ። በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ጭረቱ በቀላሉ ለቀቀ፣ መስቀሎቹ ትንሽ አስቸገሩ። ጥላው እንኳ እንዳይታይ ከሱቅ ኖራ ገዝቼ በጥብጬ የጓዳውን ግድግዳ በሙሉ ለቀለቅኩት። አንዲት ጎረቤት ከአጥር በላይ ብቅ ብላ "እህቴ፣ ገና ሳትገቡ ቀለም?" አለችኝ። ምን አገባት? ስሟን ሳልጠይቃት ጠረጠርኳት። ለባለቤቴም አልነገርኩትም፤ እሱ ቢሰማ ሄዶ ሽማግሌውን ራሳቸውን ይጠይቃቸዋል።

የገባን ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። አባቴ ዕቃ እስኪወርድ አልጠበቀም፣ በቀጥታ ጓዳ ገባ። ተከተልኩት። ነጩን ግድግዳ አየ። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው፣ መዳፉን አየ፤ ኖራ ብቻ ነው።

"ማን ነው የቀባው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ከሰሉስ?"

"የምን ከሰል?"

"ያደረግሁት ምልክት ነዋ።"

ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። የጫማው ክር፣ የጠቆሩት ጣቶች፣ "ደህና ነው" ያለው። አሸዋ ላይ የተጋደመችው ሳምቡክ፣ ከእናቴ ጋር የተቀመጥንበት ጥላ። ተደግፌ እንዳልቆም የቀባሁት ኖራ ገና እርጥብ ነው የመሰለኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። አፍሬ ስለነበር ቁጣ ሆኖ ነው የወጣው። "የበሰበሰ ቤት እያስገዛኸን ዝም ትላለህ?"

"አልበሰበሰም። የተበላው ይሄ አንድ ጎን ነው። ምስጥ ያልቀመሰው ጭቃ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ይሄ ቋሚው እየተለወጠ የሚድን ነው። የቱን ቋሚ እንደምትለውጡ እንድታውቁ ምልክት አደረግሁ። ታክሲ ውስጥ የምነግርሽ የማይገዛውን ነው፤ ይሄንን ስትጠይቂኝ ላሳይሽ ነበር።" መዳፉ ላይ የቀረውን ኖራ በኮቱ ጠረገ። "መች ጠየቅሽኝ? ጆሮው አልቋል ብለሽ ጨረስሽው።"

"ሰምተኸኝ ነበር?"

"በግራዬ ነበርሽ እኮ።"

የምገባበት ቀዳዳ ጠፋኝ። ያ ሁሉ ማንኪያ፣ ያ ሁሉ ሙከራ በቀኙ በኩል ነበር፤ የደከመው ለካ ቀኝ ጆሮው ነው። አባቴ ጉርሻውን ሲያላምጥ እያንዳንዱን ቃል ሰምቶ ነበር፣ የደነቆረ ሽማግሌ ያልኩትንም። ይቅርታ አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ዞሬ በግራው በኩል ቆሜ ደገምኩለት።

"እሺ" አለ።

"በል አሁን ድገመው። እንደገና አንኳኳውና እኔ ምልክት አደርጋለሁ።"

መዶሻውን አወጣ። መታ። ግራ ጉንጩን ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና መታ። ትንሽ ሄዶ መታ። ጉንጩ ኖራ በኖራ ሆኖ ቀና ሲል ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

"ቤቱን ልናይ የመጣን ጊዜ ትንሽ ጆሮ ነበረኝ" አለ። "አሁን ግን ውሃ ውስጥ ገብቼ የምሰማ ነው የሚመስለኝ። ሁሉም አንድ ነው።"

ከዚያ መዶሻውን ለኔ ሰጠኝ። እጀታው በእጁ ላብ ሞቋል። ከኮቱ ኪስም ከሰል አውጥቶ ጨመረልኝ፤ ጉርሻ የምታህል ቁራጭ ናት፣ በጨርቅ ተጠቅልላለች። ዝናቡ ሳይጀምር የተበሉት ቋሚዎች ወጥተው አዲሱ መግባት አለበት፤ ጭቃው አንዴ ውሃ ከጠጣ ቋሚ የሌለው ግድግዳ ቁጭ ይላል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

መታሁ። ባዶ መሰለኝ። ሁለት እርምጃ ሄጄ መታሁ፣ እሱም ባዶ መሰለኝ። የቱንም ብመታ የተበላ ይመስለኛል።

"እንዴት አለ?" ይለኛል አባቴ።

"ተበልቷል።"

"ይሄኛውስ?"

"ተበልቷል።"

ሳቀ። ከምሳው ቀን ወዲህ ሲስቅልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። "ሁሉም ተበልቶ ከሆነማ ጣሪያውን ማን ተሸከመው? ሳሎን ሂጂና ጤነኛውን መጀመሪያ ምቺ። እሱን ልመጂና ተመለሺ።"

ሳሎን ሄጄ ካቻቢቴው አልገባ ያለኝን ግድግዳ መታሁ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ክንድ ላይ የሚመለስ ድምፅ ነው። ደጋግሜ መታሁት። ጓዳ ተመልሼ ከበሩ ጀምሮ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ደረቅ። ደረቅ። አሁንም ደረቅ። ቁም ሣጥኑ የነበረበት ጋ ስደርስ ድምፁ ወረደ፣ አልተመለሰም። ዱቄት የተሞላ ከረጢት የመታሁ ነው የመሰለኝ። ደግሜ መታሁት፣ ያው ነው። አባቴ መስማት ባይችልም ፊቴን አይቶ ነገሩ ገብቶታል።

የበሩ ጥላ የወደቀብን ይሄኔ ነው። ዞር ስል ባለቤቴ ምስጥ እንዳይነካቸው ለአዲሶቹ ቋሚዎች እግር የሚቀባ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይዞ ቆሟል፤ ለካ አባቴ አምጣ ብሎት ኖሯል። ከኋላው ግን ሽማግሌው ሻጭ አሉ። ለአዲስ ቤት ብለው ዳቦ ይዘው ከሱሉልታ ድረስ መጥተዋል። ገብተው ባዶውን ጓዳ ዞር ዞር ብለው አዩት፤ እንግዳ ሆነው ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ነው። የዚያን ዕለት አልሳቁም።

"ቤቱ እንዴት ነው ልጄ?" አሉኝ። "ደህና ነው?"

መዶሻው ገና ግድግዳው ላይ ነው። ባለቤቴ አፌን ያያል፣ ሽማግሌው አፌን ያያሉ።

"ደህና ነው ኦቦ" አልኳቸው።

ከዚያ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ክር እንደሌለው ትዝ ያለኝ ከሰሉ ግድግዳውን ከነካ በኋላ ነው። ቀና ስል አባቴ እጄን እያየ ነበር።